በዝናብ የቆመች መኪና

ጥቅምት 9

እህቴ፣

ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ያነሳሁት ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ ብቻ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ስወርድ ያኮርፋል። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ «አርጅተዋል» አለኝ። ይህንንማ መስታወቱም በነፃ ይነግረኝ ነበር።

ድንቢጥም ደህና ናት። በልማድ ድንቢጥ እላታለሁ እንጂ ልጅሽ በቁመት በልጣኛለች። ትምህርቷንም አላስተጓጎለችም። «ፀባይዋስ?» ላልሽው፣ ፀባይዋ ያንቺው ነው፤ ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል።

አሁን ዙሪያውን መዞሬን ልተው። መኪናዋን አመጣናት።

ቁጭ በይና አንብቢው። ባለፈው ወር የትራፊክ ፖሊስ ግቢ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ባለቤት ያልጠየቃቸው መኪናዎች በጨረታ ሊሸጡ ነው ይላል። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችው። የአባቷን መኪና የሰሌዳ ቁጥር ሰባት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እሱ ራሱ እያዘፈነ ነው ያስጠናት። ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «አጎቴ፣ የአባዬን መኪና ሊሸጧት ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? እሱ ከጠፋ ጀምሮ በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ስለ አባቷ አንድ ቃል ጠይቃኝ የማታውቅ ልጅ ናት።

መንገድ ዳር ባዶዋን ቆማ ከተገኘችበት ቀን ጀምሮ እዚያው ግቢ ነበረች። ጎማዎቿ መሬት ገብተዋል፣ ሰማያዊ ቀለሟ ፀሐይ እንደመታው ቆዳ ተልጧል፣ በወለሉ ቀዳዳ ሣር በቅሏል። ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ግን ባልሽ በየገበያው እየዞረ ሚዛን የሚጠግንባቸው ዕቃዎች እንደተደረደሩ ናቸው፤ የናስ ክብደቶቹን እንኳ የነካቸው የለም። እየጎተትን ስናመጣት ድንቢጥ ከኋላዋ በእግሯ ተከተለች። «ከፊት ነይ፣ ከኛ ጋር ተቀመጪ» ብላት፣ «ከኋላ ሰው ያስፈልጋታል» አለችኝ።

እኔ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስፈታና ስገጥም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ለአንዲት ትንሽ መኪና አላንስም። «አብረን እንሥራት» አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ያሳፈረኝ አንቺን ሳላስፈቅድ እሺ ማለቴ ነው።

ቁጣሽን ጻፊልኝ። እቀበላለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ውሃ ከሚያመጣልን ቦቴ ጋር መጣ። ሾፌሩ ሲሰጠኝ ሊጥ በእጄ ነበር፤ ፖስታው አሁንም ሊጥ ሊጥ ይላል። በዚህ የማዕድን ሰፈር ስልክ ቢሠራ ኖሮ ያን ዕለት ጆሮህን አደነቁርልህ ነበር። የተጻፈ ቁጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይበርዳል፤ የተረፈውን እነሆ።

ለማን ብለህ ነው ጋሼ? ለሷ ነው እንዳትለኝ። ያ ሰው ጥሎን ሄዷል። «አንድ ቀን ሄጄ አልመለስም» ብሎ ነው የዚያን ቀን ጠዋት በሩን የዘጋው፤ ይኸው አልተመለሰም። በሕይወቱ የጠበቀው ቃል ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ያ የጭነት ሾፌር «በሩቅ ከተማ የአውቶቡስ ጣቢያ በዓይኔ አየሁት፣ ጢም አሳድጓል፣ አንዲት ሴት ሻንጣውን ይዛለት ነበር» ሲለኝ፣ አጠገቤ ሆነህ የሰማኸው አንተ አይደለህም? ከዚያ ወዲያ ለመኪናዋ ዕንባ የሚኖረኝ ይመስልሃል? ሆን ብዬ ነው ያልጠየቅኳት። እዚያው እንድትዝግ ፈልጌ ነው።

ልጄ አባቴ ሞተ ወይስ አለ ብላ አታውቅም፤ ዝም ብላ አድጋለች፤ እኔም ዝምታዋን ሰላም ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። አሁን ዝገቱን ስትፍቁ ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

ሽጣት። ለሚገዛ ካልሆነም ለቆራሌው።

ሹራብ ልኬላታለሁ። ቁመቷ በልጦሃል ካልክ እጅጌው ያጥራታል፤ እንደምንም ትልበሰው።

እህትህ


ኅዳር 12

እህቴ፣

ይቅርታ የምጠይቅሽ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አልሸጥኳትም። ሁለተኛ፣ ቁጣሽን ለድንቢጥ አላነበብኩላትም፤ «እማዬ ምን አለች?» ስትለኝ «ሹራብ ልካለች» አልኳት። አልዋሸሁም። ሹራቡን ለብሳዋለች፤ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል፤ «ለሥራ ይመቻል» ትላለች።

«ምን ትሠራለች?» ላልሽው፤ ሁሉንም። ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች፣ ማታ ጥፍሯ ሥር ያለውን ዝገት እያሳየች ትኩራራለች። ነዳጅ ማጠራቀሚያውን አውርዳ አጥባለች፣ ፍሬኑን አብረን ፈትተን ገጥመናል። የሞተሩን ኮፈን ገመዱ ዝጎ አልከፈት ብሎን ነበር፤ በቀጭን እጇ ከሥር ገብታ የከፈተችው እሷ ናት። ሞተሩ እንደፈራሁት አይደለም። የራዲያተሩን ፋን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው ብቻ ነው የጎደለው፤ ዘጠኝ ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ሳይነካካ አይወጣም ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አስቸግራኛለች። የሾፌሩን ወንበር አታስነካም። የአባቷ እግር ረጅም ስለነበር ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደቀረ ነው፤ እሷ ፔዳሉን የምትረግጠው በጣቷ ጫፍ ነው። «ወደፊት እንሳበው» ብላት፣ «ይቆይ» አለች። ስፖኪዮውም እንደዚያው። አንድ ቀን ተቀምጬ ብመለከትበት መንገዱን ሳይሆን የኋላ ወንበሩን ጥግ ብቻ አየሁ። ለካ ወደዚያ አዙሮት የነበረው፣ እየነዳ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጁን ለማየት ነው። ቶሎ ብዬ ወረድኩ። ለአፍታ እኔም ራሴ ያቺ ትንሿ ድንቢጥ ከኋላዬ የተቀመጠች መስሎኝ ነበር።

ስትሠራ ታወራለች፤ ከኔ ጋር አይደለም። ትናገርና ዝም ትላለች፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው፤ ከዚያ ትስቃለች። ስቀርብ ታቆማለች።

ባለፈው ቅዳሜ ባትሪ ገጠምን። ፖሊሶቹ ያኔ በሩን ሲከፍቱ አስቀርጸው፣ ከካርቶን ጋር አስረው የሰጡንን ቁልፍ አስገብታ አዞረችው። ሞተሩ ትንፍሽ አላለም፤ ነገር ግን ሁለቱም የዝናብ መጥረጊያዎች ተነሱ። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐዩ ጠጠር ይሰነጥቃል፤ እነሱ በደረቁ መስታወት ላይ አቧራውን እየፋቁ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። «ምኑን ነካሽው?» አልኳት። «ምንም» አለች፤ ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። «በርቶ ነው የቀረው አጎቴ። አባዬ ሲያቆማት እየዘነበ ነበር።»

እንድታጠፋው ነገርኳት። ባትሪው እስኪደክም ስታያቸው ቆየች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ስለ አንድ ሰው የሰማሁት አለ። ካልፈለግሽ አትመልሺ።

ወንድምሽ


ኅዳር 29

ወንድም ጋሼ፣

ዝናብ አልነበረም። የዚያን ቀን ልብስ አጥቤ አስጥቼ ነበር፤ ከሰዓት በፊት ደርቋል። የሱን ሸሚዞች አጣጥፌ ሳስቀምጥ ነው የጠበቅኩት። ስለዚህ ዝናብ አልነበረም፤ እዚያ ከነበረም እኔ አላውቅም። ምን ለውጥ ያመጣል?

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ያ ድምፅ ይሰማኛል። ረዳቴ የድስቱን ቂጥ ስትፍቅ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ «ተዪው!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አለቀሰች። ሁለት መቶ ሰው የሚበላበት ወጥ ቤት ድስት አይፋቅ ልበል?

ለጠየቅከኝ ነገር መልሴ አዎ ነው። ከማን እንደሰማህ አልጠይቅህም፤ ያ የቦቴ ሾፌር ከውሃ ይልቅ ወሬ ነው የሚጭነው። ሰውየው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ረጋ ያለ ነው፣ ሲያወራ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ፍርድ ቤት ባሌ ጥሎኝ እንደሄደ ከወሰነልኝ ለመጋቢት እንጋባለን። ለድንቢጥ እንዳትነግራት፤ እኔ ራሴ መጥቼ ነው የምነግራት።

ጥሎኝ እንደሄደ ለማስረዳት ምስክር አያስፈልገኝም። ግን ጋሼ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ሁሉ የሱን ጀርባ አያለሁ። ሁለት ጊዜ ሮጬ የማላውቀውን ሰው ትከሻ ይዣለሁ። ዞሮ ሌላ ፊት ሲያሳየኝ ይቅርታ ብዬ እለቀዋለሁ። ልመታው ይሁን ልይዘው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እባክህ ያቺን መኪና ከቤት አውጣልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 13

እህቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ደስታሽን ለማበላሸት እንዳልሆነ እወቂልኝ፤ ዝም ብል ግን የምተኛ አይመስለኝም።

ቺንጋ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ለመለዋወጫ ሻጩ የመኪናዋን ዓይነት ነገርኩት፤ «አሮጌውን አምጣ» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። «አባቴ፣ የነዚህ አሮጌ መኪናዎች ቺንጋ በአንድ ጣት ከተበላለጠ አይሆንም። ማንም ሰው ቺንጋ ሲበጠስበት አሮጌውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኔም በዚያ ለክቼ ነው የምሰጠው።»

ይህን እኔ አላውቅም? ስንቱን ሰው እንደዚያ ብዬ ልኬያለሁ። ግን ቃሉ ከሰው አፍ ሲወጣ ምንም ሳልገዛ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ቤት ስመለስ ድንቢጥ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩ ላይ ተደፍታለች። «አጎቴ፣ ሌባ ዲናሞውን የሚያክል መዳብ ትቶ አንዲት ላስቲክ ይሰርቃል?» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ የኮፈኑን የታችኛውን ፊት አሳየችኝ፤ ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ተረጭቶ ደርቋል። ቺንጋው ሞተሩ እየዞረ ነው የተበጠሰው። የዲናሞውን ብሎን ነካሁት፤ ላላ ብሏል፤ በመፍቻ የላላ እንጂ በንዝረት የላላ አይደለም። አዲስ ቺንጋ ለማስገባት መጀመሪያ የሚደረገው ያ ነው። መፍቻውንም አገኘችው፤ ከባትሪው ሥር ወድቆ ዝጓል።

እንግዲህ ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ አላልቶ አዘጋጅቶ አሮጌውን ይዞ በእግሩ ሄደ። ዕቃዎቹን ቆለፈባቸው። ሊቀር የሚሄድ ሰው ብሎን አያላላም፣ እህቴ።

ድንቢጥ ይህን ሁሉ ከኔ ቀድማ ገብቷታል። እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆይታ፣ «ሊመለስ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ያን ዕለት ወንበሩን ወደፊት ልሳበው ብዬ አስቤ ነበር፤ አልደፈርኩም።

መኪናዋ የተገኘችበትን ቦታ ልታይ ትፈልጋለች። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 30

ወንድም ጋሼ፣

አትሂዱ።

ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት እሱን በመጥላት ነው። ማብሰል የቻልኩት፣ ከሰው ጋር መሳቅ የቻልኩት፣ ልጄን ላንተ ጥዬ እዚህ መምጣት የቻልኩት በዚያ ጉልበት ነው። ያን ጥላቻ ከነጠቅከኝ በምን እቆማለሁ?

ያ የጭነት ሾፌር አይቶታል እኮ። ጢም አሳድጓል ብሏል። አላየውም ትላለህ?

አትሂዱ። አደራ።

እህትህ


ጥር 10

እህቴ፣

«አትሂዱ» ያልሽው ከተመለስን በኋላ ነው የደረሰኝ። የቦቴው ሾፌር ታሞ ከርሞ ነበር አሉ። ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ እታዘዝሽ ነበር ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤ ግን አላውቅም።

ሄድን። በገመድ ለክተን አዲስ ቺንጋ ገጥመንላት ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ መኪናዋ አላሳፈረችንም። ከመነሳታችን በፊት ድንቢጥ «እንግዲህ አንተ ንዳ» ብላ ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደፊት ሳበችልኝ። ሲንሸራተት የወጣው ድምፅ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት የሚያወጣው ዓይነት ነበር።

ቦታው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ነው። ከመንገዱ በታች ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ፤ ከማዶ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። በአስፋልቱ ዞረው ከሄዱ ሩቅ ነው፤ በወንዙ ካቋረጡ ግን እዚያው ነው። ድንቢጥ ምንም ሳትጠይቀኝ በወንዙ ወረደች። አባቷም እንደዚያው ነው የሚያደርገው፤ እኔም ብሆን።

በወንዙ ማዶ ዳር ሸክላ እየቆፈረ ጡብ የሚሠራ ሰው አገኘን። ስለ ጎርፍ ጠየቅኩት።

«የቱ ጎርፍ?» አለኝ። «ትልቁን ከሆነ፣ ልጄ ጥርስ ያበቀለች ጊዜ ነው፤ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። እዚህ የዘነበው ብዙም አልነበረም፤ ላይኛው አገር ነው ሰማዩ የተቀደደው። ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የመጣው።»

«ሰው ወስዶ ነበር?»

ድንቢጥን አያት። ከዚያ እጁን ከሸክላው ታጠበ። «ምናችሁ ነው?» አለ።

አንቺ እህቴ ስለሆንሽ፣ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። ውሃው ሲጎድል ከሱ ጡብ ማድረቂያ በታች አንድ ሰው አገኙ። ረጅም ነበር። ኪሱ ውስጥ ማንነቱን የሚናገር ነገር ውሃው አልተወለትም። ለሹሞቻቸው አስታወቁ፤ ግን ወንዙ ወሰን ነው፤ በወዲያ ማዶ የጠፋ ሰው በወዲህ ማዶ አይፈለግም። ጠያቂ ሲጠፋ ቀበሩት።

ስለ ቺንጋው እኔም ሆንኩ ድንቢጥ ትንፍሽ አላልንም ነበር። «እጁ ላይ የያዘው ነገር ነበር?» ብቻ ነው ያልኩት።

«ክንዱ ላይ ጥቁር ላስቲክ ነበረበት» አለ። «እንደ አምባር ሁለት ዙር ጠምጥሞት። እንዳይጠፋበት ይመስለኛል። ልፈታለት ሞክሬ እምቢ አለኝ፤ እንዲያው አብሮት ተቀበረ።»

ድንቢጥ፣ «ጫማ ነበረው?» አለችው።

«አንዱ ነበረው፣ ልጄ።»

መቃብሩን አሳየን። ዙሪያውን በጡብ ከቦታል፤ «የማላውቀው እንግዳ ስለሆነ ከደህናዎቹ ነው የመረጥኩለት» አለን። ድንቢጥ ተንበርክካ ጡቦቹን አንድ በአንድ በእጇ ጠረገች። ከዚያ የመኪናዋን የሰሌዳ ቁጥር በቀስታ ዘፈነችለት። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ጡብ ሠሪውም አዞረ።

ያ የጭነት ሾፌር ያየው ሌላ ሰው ነው፣ እህቴ። እሱ የትም አልሄደም ነበር። ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ነው የነበረው።

ወንድምሽ


ጥር 26

ጋሼ፣

ወጥ ቤቱን ለረዳቴ ሰጥቼያለሁ። በሚቀጥለው ቦቴ እመጣለሁ። ለድንቢጥ ምንም አታስረዳልኝ፤ እኔው እነግራታለሁ፤ ምን እንደምነግራት ግን አላወቅኩም።

ፍርድ ቤት ያስገባሁትን አቤቱታ አንስቻለሁ። የመጋዘኑ ሰው ደብዳቤህን እንዳነብለት ለመነኝ፤ አነበብኩለት። ሲያልቅ ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ። «ሂጂና በደንብ አልቅሺለት፤ እኔ አለሁ» አለኝ። ከዚያ የመጋዘኑን በር ቆልፎ እስከ ደጃፌ ሸኘኝ።

ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ሆኜ ኖሬ፣ በአንድ ወረቀት ባሏ የሞተባት ሴት ሆንኩ። እንዴት እንደሚለቀስ ረስቻለሁ።

እህትህ


መጋቢት 18

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም ደርሻለሁ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። ሰፈሩ እንደነበረ ነው፤ ረዳቴ ጨው ታበዛ ኖሯል፣ ሰዉ ሲያየኝ እንደ ሠርግ አጨበጨበ። ለጠየቅከኝ፣ ሠርጉ ይቆያል፤ ዓመቱ ይውጣ ብለናል፣ እሱም ራሱ ነው ያለው። ለድንቢጥ ስነግራት ምን አለች ላልከው፣ «ጎበዝ ነው ወይ?» አለችኝ፤ «በምን?» ብላት፣ «በመጠበቅ» አለችኝ። ይህቺን ልጅ አንተ ነህ ያበላሸሃት።

ጡብ ሠሪውን ስላመሰገንክልኝ አመሰግናለሁ። መቃብሩ አጠገብ ብዙ እናገራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ዘጠኝ ዓመት የሰደብኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ። አንተ እንዳየኸው ቁጭ ብዬ ብቻ ቀረሁ። ሌሊት ሌሊት ግን እዚህ እነግረዋለሁ። አሁን በሰው መሀል ጀርባውን አላየውም። ያ ቆሟል። ቀለለኝ ወይስ ከበደኝ ገና አላወቅኩም፤ አንዳንዴ ሆን ብዬ ሕዝቡን እመለከታለሁ፣ የለም።

አሁን የዚያን ቀን የደበቅኩህን ልንገርህ። ወደዚህ ልመለስ ስል በዋዜማው ድንቢጥ «እማዬ፣ ላንሸራሽርሽ» ብላ ከጎተራው ጀርባ ወዳለው ጭር ያለ መንገድ ወስዳኝ አልነበር? ስንመለስ በሩ ላይ ቆመህ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ደህና» ብዬህ ገባሁ፤ ፊቴን ለመታጠብ ነው የቸኮልኩት።

ከጎኗ ተቀመጥኩ። አንተ ያስተማርካትን ሁሉ በሥርዓቱ አደረገች። መኪናዋ ሸተተችኝ፤ አዲሱ ቀለም፣ ቤንዚን፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ስም የማልሰጠው ሽታ። መስኮቱ ክፍት ነው። እሷ አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ በሌላው ፀጉሯን ትይዛለች። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ትንሽ ፈጠነች። እኔ ወደ ውጭ እያየሁ ነበር፤ ምንም እያሰብኩ አልነበረም፣ እምልልሃለሁ። አፌ ብቻውን ተከፈተ።

«ቀስ በል» አልኩ። «ልጅ ይዘናል እኮ።»

ቀስ በይ አላልኩም፣ ጋሼ። ቀስ በል ነው ያልኩት።

የተናገርኩት የገባኝ ድምፄ ከወጣ በኋላ ነው። ዞሬ ላያት ፈራሁ። ታርመኛለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች፣ ማርሹን ቀነሰች።

«እሺ» አለች።

ቀስ ብለን ወደ ቤት ተመለስን።

እህትህ